የኔ ፊርማና የኔ ደሞዝ

ያን ቀን የፈረምኩበት የክፍያ ማዘዣ ለኔ የ23 አመት ደሞዝ ነበር። አስልቼዋለሁ። ካልኩሌተሩ ጠረጴዛው ላይ ስለነበር ሳላስበው እጄ ሄደ፣ የወር ደሞዜን በ12 አባዛሁት፣ ሰነዱ ላይ ያለውን ቁጥር ለሱ አካፈልኩት፣ 23 ምናምን መጣ። ከዛ ፈረምኩ፣ ማህተም ተመታበት፣ ወደ ፋይናንስ ሄደ፣ እኔም ቀጣዩን ፋይል ከፈትኩ። የዛን ወር ደሞዛችን ዘግይቶ ስለነበር ማታ ቤቴ የገባሁት ከጓደኛዬ የትራንስፖርት ተበድሬ ነው።

መንግስት መስሪያ ቤት ግዥ ክፍል ውስጥ 9 አመት ሰርቻለሁ። ከወጣሁ 2 አመት አልፎኛል ግን ነገሩ ከውስጤ አልወጣም። ስለ መንግስት ግዥ ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለ ሌብነት ነው፣ ስለ መንግስት ሰራተኛ ደሞዝ ሲወራ ደሞ ስለ ኑሮ ነው፣ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጦ ሚያወራ ሰው ግን ብዙም አላጋጠመኝም። ለኔ ሁለቱ አንድ ጉዳይ ናቸው። ሚሊዮን ላይ ሚፈርመው ሰው ወር መጨረሻ ላይ ኪሱ ባዶ ከሆነ፣ ስራውን ሚያይለትና ሚጠብቀው ስርአትም ከሌለ፣ ሚገዛው እቃ ላይ ይታያል። በሌብነት ብቻ አይደለም ሚታየው፣ በፍርሀትም በግዴለሽነትም በመሰላቸትም ነው፣ እሱን ነው ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት ስለዚ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ከውጪ ለሚያየው ሰው ጨረታ ማለት ማስታወቂያ ወጥቶ፣ ኤንቨሎፕ ሳጥን ውስጥ ገብቶ፣ ተጫራቾች ባሉበት ተከፍቶ፣ ትንሽ ዋጋ ያቀረበው ሲያሸንፍ ነው። እሱ ክፍል እውነትም ብዙ ጊዜ ንጹህ ነው፣ ሁሉም ሰው እያየው ነዋ። ጨረታው ሚያልቀው ግን ከዛ በፊት ስፔሲፊኬሽን ማለትም ሚገዛው እቃ ምን ማሟላት እንዳለበት ሚዘረዝረው ወረቀት ሲጻፍ ነው። እኔ ራሴ የአንድ እቃ ብሮሸር ቃል በቃል ተገልብጦ፣ ክብደቱ ሳይቀር እስከ ግራሙ ተጽፎ፣ የብራንዱ ስም ብቻ ወጥቶለት "ስፔክ ነው" ተብሎ ሲመጣልኝ አይቻለሁ። እንደዛ ከተጻፈ በኋላ ሀምሳ ሰው ቢወዳደርም ትርጉም የለውም፣ ቴክኒካል ግምገማ ላይ አንድ ሰው ብቻ ያልፋል፣ ቃለ ጉባኤውም ህጋዊ ነው፣ ኦዲተር ቢመጣም ሁሉም ወረቀት በቦታው አለ። ሌላው ደሞ መከፋፈል ነው፣ ግልጽ ጨረታ ሚያስፈልገውን ግዥ አራት ቦታ ቆራርጦ እያንዳንዱን ጨረታ ከሚያስገድደው የገንዘብ ጣሪያ በታች አድርጎ በፕሮፎርማ፣ ማለት ከጥቂት ድርጅቶች የዋጋ ማቅረቢያ ብቻ ሰብስቦ መግዛት። ከውል በኋላ ደሞ ቫርዬሽን አለ፣ በዝቅተኛ ዋጋ ያሸነፈው ድርጅት ስራው መሀል ላይ ሲደርስ "ያልታሰበ ስራ ተገኘ" ተብሎ ይጨመርለታል፣ ሲያልቅ ካሸነፋቸው ሁሉ በላይ ተከፍሎት ይወጣል።

መጨረሻ ላይ ያለው በር ርክክብ ነው፣ እዚ ጋ ስለ ንብረት ክፍላችን ሰው ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ጋሼ ነበር ምንለው ሁላችንም። ካርቶን ሲመጣ ከፍቶ ካልቆጠረ አይፈርምም፣ አንድ ሺ ቢሆን አንድ ሺውን ይቆጥራል፣ ሹፌር ውጪ ሆኖ ክላክስ እየነፋ፣ አለቃ እየደወለ፣ እሱ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ይቆጥራል። "አስቸጋሪ ሽማግሌ" ይሉት ነበር። ደሞዙ ከኔም ያንሳል፣ ከ30 አመት በላይ አገልግሎ። አንድ ቀን "ጋሼ ግን አይሰለችዎትም?" ብዬ ጠየቅኩት፣ "ልጄ እኔ ምፈርመው ያየሁትን ነው" አለኝ በቃ፣ ወደ ቆጠራው ተመለሰ። ጡረታ ሲወጣ እሱ ቦታ የመጣው ልጅ በወሩ ሳይቆጥር መፈረም ጀመረ። ልጁ ክፉ ልጅ አልነበረም፣ ማንም አላስተማረውም፣ ለማስተማር ጊዜ ያለው ሰውም አልነበረም፣ ለጋሼ ትጋት ደሞ መስሪያ ቤቱ አንድም ቀን ዋጋ ሰጥቶት ስለማያውቅ ልጁ ከምን ይማራል?

አሁን ወደ ራሴ። ስራ በጀመርኩ በስድስተኛ ወሬ አካባቢ ሶስት ፕሮፎርማ እጄ ገባ፣ ከሶስት የተለያዩ ድርጅቶች፣ ሶስት ማህተም፣ ሶስት አድራሻ። ሶስቱም ላይ አንድ ቃል በአንድ አይነት ስህተት ተጽፏል። አንዱ ሰው ነው ሶስቱንም የጻፈው፣ ለመጠራጠር እንኳን ቦታ አልነበረውም። ለቅርብ አለቃዬ አሳየሁት፣ ቀና ብሎ አየኝና "እቃው ይፈለጋል አይፈለግም?" አለኝ። ይፈለጋል። "ዋጋው ከገበያው በጣም ይበልጣል?" በጣም አይበልጥም፣ ትንሽ ይበልጣል። "በቃ እንግዲህ" አለኝ። የሙከራ ጊዜዬ ገና ማለቁ ነበር፣ የቤት ኪራይ ነበረብኝ፣ ታናሽ እህቴን አስተምር ነበር፣ ዝም አልኩ። ምክንያት እየደረደርኩ አይደለም፣ እንዴት ዝም እንደሚባል እየነገርኳችሁ ነው። ማንም ብር አልሰጠኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም፣ ግን ያቺ ደሞዝ ብትቀርብኝ ምን እንደሚውጠኝ ስለማውቅ ብእሬን አነሳሁ።

ከዛ በኋላ ነው ስለዚ ነገር ማንበብ የጀመርኩት፣ ማታ ማታ ስልኬ ላይ፣ ሌላ ቦታም እንደዚ ነው ወይ ብዬ። ያኔ ካነበብኩት ሁሉ እስከዛሬ ከጭንቅላቴ ያልወጣው የአርጀንቲና ዋና ከተማ ቦነስ አይረስ ውስጥ የተሰራ ጥናት ነው። ዲ ቴላና ሻርግሮድስኪ ሚባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች ናቸው የሰሩት። በፈረንጆቹ 1996 ላይ (ከዚ በታች ያሉት አመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) የከተማው አዲስ አስተዳደር የመንግስት ሆስፒታሎች ግዥ ላይ ቁጥጥር ጀመረ፣ ቁጥጥሩ ደሞ ምንም ውስብስብ ነገር የለውም፣ እያንዳንዱ ሆስፒታል ተራ ተራ እቃዎችን ከማን፣ ስንት፣ በስንት እንደገዛ ሪፖርት ያድርግ ተባለ፣ ከዛ ዋጋው ተሰብስቦ ማን በውድ እንደገዛ ለሁሉም ታየ። የእቃዎቹ ዋጋ በመጀመሪያዎቹ ወራት 15 በመቶ ወረደ። አስቡት፣ ያው እቃ፣ ያው ገበያ፣ ሰው እያየህ ነው ስለተባለ ብቻ። በኋላ ግን ክትትሉ ረገብ ሲል ዋጋው ትንሽ ተመልሶ ወጣ፣ የድሮው ቦታ ላይ ግን አልደረሰም።

ለኔ ትልቁ ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። ጥናቱ የግዥ ሰራተኞቹን ደሞዝም አይቷል። የቁጥጥሩ የመጀመሪያ ወራት ላይ፣ ክትትሉ በጣም ጠንካራ በነበረበት ጊዜ፣ የደሞዝ ልዩነት ለውጥ አላመጣም፣ ሁሉም ፈርቷላ። ክትትሉ መካከለኛ ደረጃ ላይ ሲረጋ ግን የተሻለ ደሞዝ ሚከፈለው ሰራተኛ በረከሰ ዋጋ ይገዛ ጀመር። ማለት ደሞዝ ሚሰራው ሚያይ ሰው ሲኖር ነው። ማንም ካላየህ ደሞዝህ ቢጨመር ምንም ምታጣው ነገር የለም፣ ስራህን ልታጣ እንደምትችል ስታውቅ ነው ጥሩ ደሞዝ ዋጋ ሚኖረው። ይሄን ሳነብ የአለቃዬ "በቃ እንግዲህ" ትዝ አለኝ፣ እኛ ጋ ሁለቱም አልነበረም፣ ደሞዙም፣ ሚያየውም።

ደሞዝ ብቻ ሲጨመር ምን እንደሚሆን ደሞ ጋና አሳይታለች። 2010 ላይ የጋና መንግስት የፖሊሶችን ደሞዝ እጥፍ ገደማ አደረገው፣ መንገድ ላይ ከከባድ መኪና ሹፌር ገንዘብ መቀበል እንዲቀር ነበር ተስፋው። ተመራማሪዎች የሹፌሮቹን ጉዞ ከጎረቤት ሀገር ቡርኪናፋሶ መንገድ ጋ እያነጻጸሩ ሲያዩት ሚጠየቀው ገንዘብ ጨምሮ ተገኘ። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ "አያችሁ ደሞዝ መጨመር ጥቅም የለውም" ይላል፣ በጣም ያናድደኛል ይሄ አባባል። ጆርጂያ እኮ 2004 ላይ ወደ 16,000 የሚሆኑ የትራፊክ ፖሊሶችን በአንድ ጊዜ አሰናብታ፣ አዲስ ሰው በአዲስ መስፈርት ቀጥራ፣ ደሞዙን ብዙ እጥፍ አድርጋ፣ ጉቦ ሲቀበል የተገኘውን ደሞ በቀጥታ እያባረረች ነው መንገዱን ያጸዳችው። ደሞዙ ብቻውን አልሰራውም፣ ያለ ደሞዙም አይሰራም ነበር። በባዶ ሆድ ታማኝነት ጠብቅ ማለትና ሳይጠብቁት ብር መጨመር ሁለቱም አንድ አይነት ስንፍና ነው ለኔ።

ደሞዝ ጥሩ ሆኖም ሰው በጉቦ እንደሚገዛ ደሞ የአሜሪካ ባህር ሀይል ጉዳይ አለ። ሌናርድ ፍራንሲስ ሚባል ነጋዴ በእስያ ወደቦች ለመርከቦች ነዳጅ፣ ውሀ፣ ቆሻሻ ማንሳት ምናምን ሚያቀርብ ድርጅት ነበረው፣ ለመኮንኖቹ ሆቴልና ግብዣ እያመቻቸ መርከቦቹ እሱ ወደሚፈልገው ወደብ እንዲመጡ ያደርግ ነበር፣ 2013 ተያዘ፣ 2015 ላይ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ከ35 ሚሊዮን ዶላር በላይ አብልጦ እንዳስከፈለ አመነ። እነዚያ መኮንኖች የተራቡ ሰዎች አልነበሩም። ስለዚ "ደሞዝ ስለሚያንስ ነው ሚሰረቀው" ሚለውንም ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም፣ እኔ ጋ ለልጁ ወተት የሌለው ሰው ነበር ማይሰርቀው፣ መኪና ያለው ነበር ሚሰርቀው።

ግን ሌብነቱ ላይ ብቻ ከቀረን ትልቁን ነገር እንስተዋለን። ባንዲዬራ፣ ፕራትና ቫሌቲ ሚባሉ ኢኮኖሚስቶች የጣሊያን መንግስት ተቋማት ተራ እቃ ሲገዙ ሚከፍሉትን ዋጋ አነጻጽረው ነበር፣ አንድ አይነት እቃ ሲገዙ ውድ ከፋዮቹ ከርካሽ ከፋዮቹ 55 በመቶ አብልጠው ነው ሚከፍሉት። ከባከነው ውስጥ 83 በመቶው ግን ማንም ኪሱ ውስጥ ያልከተተው ነው። ሌባ የሌለበት ብክነት። አለማወቅ፣ አለመፈለግ፣ ደንቡ ስላሰረው፣ ደክሞት። ይሄን ቁጥር ሳየው ዘጠኙ አመት በሙሉ ነው የመጣብኝ፣ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ እኔ ራሴ እዛ ውስጥ ነበርኩ።

ወንበር ገዝተን ነበር አንዴ፣ ብዙ ወንበር። ሁለት ተጫራች ቀረ፣ አንዱ ረከስ ይላል ሌላው ትንሽ ይወደዳል። የረከሰው ሳምፕል ላይ ስትቀመጪ ይወዛወዛል፣ ኮሚቴው በሙሉ አይቶታል፣ ተቀምጦበታል። ስፔኩ ግን ስለ መወዛወዝ አይልም፣ ቁመት፣ ስፋት፣ ጨርቅ፣ ቀለም ነው ሚለው፣ ሁለቱም ያሟላሉ። የተወደደውን ብንመርጥ ነገ ኦዲተር መጥቶ "ዝቅተኛ ዋጋ እያለ ለምን?" ቢል ምን እንመልሳለን? "ተቀምጠንበት ደስ አላለንም"? ማንም ደፍሮ አልተናገረም፣ የረከሰውን ገዛን፣ አመት ሳይሞላው ግማሹ እግሩ ወልቆ ግቢው ጥግ ላይ ተከመረ። ለዛ ክምር ማንም አልተጠየቀም፣ ኦዲትም ንጹህ ነበር። ኦዲተር ሚጠይቀው ለምን ውድ ገዛህ ብሎ ነው እንጂ ለምን መጥፎ ገዛህ ብሎ አይደለም። ታዲያ ለዚች ደሞዝ ብሎ ክስ ውስጥ ሚገባ ማነው? ጥሩ ውሳኔ ወስነህ ሚጨመርልህ ነገር የለም፣ ፊርማህ ግን በስምህ ነው፣ ከአስር አመት በኋላም ተፈልጎ ይወጣል። ስለዚ ሁሉም ሰው ሚገዛው እቃ ሳይሆን ከክስ ሚያስጥለውን ወረቀት ነው።

ይሄን ያልኩት ኦዲተሮችን ለመውቀስ አይደለም፣ ከነሱ መሀል ከልባቸው ሚሰሩ አይቻለሁ፣ ደሞዛቸው ያው የኛው ነው።

በጀት መዝጊያ ላይ ሚሆነውን የመንግስት መስሪያ ቤት የሰራ ሁሉ ያውቀዋል። አመቱን ሙሉ "በጀት የለም" ተብሎ እስክሪብቶ ያጣ ክፍል መጨረሻዋ ወር ላይ "ቶሎ ፍላጎት አቅርቡ፣ ካልተጠቀምንበት ተመላሽ ይሆናል፣ የሚቀጥለውም ይቀነሳል" ይባላል። እኔ ይሄ የኛ ችግር ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ የአሜሪካን ፌደራል መንግስት ከ2004 እስከ 2009 ያለውን ውል ሁለት ተመራማሪዎች ሲያዩት የበጀት አመቱ የመጨረሻዋ ሳምንት ወጪ ከሌላው ሳምንት አማካይ 4.9 እጥፍ ነው። በዛች ሳምንት የተገዙት የአይቲ ፕሮጀክቶች ደሞ ጥራታቸው በግልጽ ዝቅ ያለ ነው። የፍትህ መስሪያ ቤቱ ግን ያልተጠቀመበትን ገንዘብ ለአይቲ ወደሚቀጥለው አመት ማሸጋገር ይፈቀድለታል፣ እሱ ጋ ያ ችግር አልታየም። አንድ የበጀት ደንብ ናት እንግዲህ፣ የሰው ጸባይ አይደለም። በመጨረሻዋ ሳምንት ሌሊት 6 ሰአት ድረስ ቢሮ አምሽቼ አውቃለሁ፣ ሳላነበው የፈረምኩት ውል አለ፣ ማንም ሊያነበው አይችልም ነበር በዛ ፍጥነት።

እዚው ላይ ስለ አበል ማንሳት አለብኝ ምክንያቱም ደሞዝና ግዥ ፊት ለፊት ሚገናኙት እዚ ነው። መሰረታዊ ደሞዝ ሳይነካ ሲቀር ሰው መኖር ስላለበት ኑሮውን አበል ላይ ያደርጋል፣ ስልጠና፣ ዎርክሾፕ፣ የመስክ ጉብኝት፣ ኮሚቴ። ከዛ ስራው ራሱ ይጣመማል። ቢሮ ቁጭ ብሎ በሁለት ቀን ሚያልቅ ሰነድ ሌላ ከተማ ሄዶ አምስት ቀን ይፈጃል። አዳራሽ ይከራያል፣ ቦርሳና ደብተር ይገዛል፣ ባነር ይታተማል፣ ያ ሁሉ ደሞ ግዥ ነው፣ መስሪያ ቤቱ ሚገዛው ነገር ለህዝቡ ሚያስፈልገው ሳይሆን ለሰራተኛው አበል ሚያመጣው ይሆናል። ማን ይሄዳል ሚለውን ሚወስነው አለቃ ደሞ በዛች ዝርዝር ብቻ ቢሮውን ሙሉ ይይዘዋል፣ የተናገረ ስሙ አይገባም። እኔ አንድ ቃለ ጉባኤ ላይ የልዩነት ሀሳቤን ካስመዘገብኩ በኋላ አንድ አመት ሙሉ የትም አልሄድኩም። በአበል ምንኖር ሰዎች ስለነበርን ያ ማለት ደሞዜ ተቀነሰ ማለት ነው፣ ያለ ደብዳቤ፣ ያለ ክስ።

ይሄ ነገር የድህነት ብቻም አይደለም። ጄነራል ሰርቪስስ አድሚኒስትሬሽን ሚባለው የአሜሪካ ተቋም፣ ለሌሎቹ መስሪያ ቤቶች ህንጻና ግዥ ሚያስተዳድረው ማለት ነው፣ 2010 ላስ ቬጋስ ላይ ለሰራተኞቹ ባዘጋጀው አንድ ኮንፈረንስ ከ820,000 ዶላር በላይ አውጥቷል፣ 2012 የውስጥ ተቆጣጣሪው ሪፖርት ሲወጣ የተቋሙ ሀላፊ ስራዋን ለቀቀች። ሪፖርቱ ስለ ድግሱ ብቻ አልነበረም፣ የአንዱን ተወዳዳሪ ዋጋ ለሌላው መንገር ሁሉ ነበረበት። ልዩነቱ እዛ አንድ መስሪያ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ተቆጣጣሪ ሁሉንም ጽፎ ለህዝብ ማውጣት መቻሉ ነው።

ስለ ፔሮል፣ ማለት ስለ ደሞዝ መክፈያ ዝርዝር ብዙ አልልም፣ የሌለ ሰው ስም ላይ ደሞዝ ሲወጣ በየሀገሩ ተገኝቷል፣ ታንዛኒያ 2016 ላይ ከ10,000 በላይ ሰርዛለች፣ ናይጄሪያም በዛው አመት የሰራተኛውን ዝርዝር ከባንክ መለያ ቁጥር ጋ አመሳክራ ከ23,000 በላይ አውጥታለች። ለሌለ ሰው ሚከፈል ደሞዝ እያለ ለኛ "ጭማሪ የለም" ሲባል ምን እንደሚሰማ ብቻ አስቡት።

ክፍያ መዘግየት ግን ላልፈው አልችልም፣ ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ እሱ ስለሆነ። አንዲት ሴትዮ ነበረች፣ አነስተኛ ማተሚያ ያላት፣ ስራዋ ንጹህ፣ በቀኗ ምታመጣ፣ የጎደለ ካለ ራሷ ምትናገር። መጀመሪያ ስትጫረት ዋጋዋ ከሁሉም ያነሰ ነበር። ስራውን አስረከበች፣ ክፍያዋ ሰባት ወር ፈጀ። የማንም ክፋት አልነበረም፣ አንዱ ፈራሚ ስልጠና ሄደ፣ ሌላው ተዛወረ፣ ከዛ በጀት ተዘጋ፣ ከዛ እንደ አዲስ ይጠየቅ ተባለ። ሳምንት በሳምንት እየመጣች ኮሪደሩ ላይ ትቀመጥ ነበር፣ ፋይሏን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ እኔም በሌላው በር መውጣት ጀመርኩ ምክንያቱም ምላት ነገር አልነበረኝም። ሁለተኛ አልተጫረተችም። የቀሩት እነማን ናቸው? ሰባት ወር መጠበቅ ሚችሉ ትልልቆቹ፣ ወይ ደሞ ፋይናንስ ውስጥ ሰው ያላቸው። እነሱም መዘግየቱን አስቀድመው ዋጋቸው ውስጥ ይጨምሩታል፣ ስለዚ መስሪያ ቤቱ በመዘግየቱ ያተረፈው ነገር የለም፣ በውድ ይገዛል፣ ከጥቂት ሰው ይገዛል። ክፍያ ሲዘገይ ደሞ ፋይል ማስሄጃ ሚባለው ነገር ይወለዳል፣ አንዱ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠን ወረቀት ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ለማሻገር። ከዛች ከታች ጠረጴዛ ላይ ያለውን ልጅ ብቻ ይዞ ማሰር ቀላል ነው፣ ወረቀቱ ለምን ዘጠኝ ጠረጴዛ እንደሚዞር ግን ማንም አይጠይቅም።

ስርአት ሲቀየር ሰው እንደሚቀየር ግን አምናለሁ፣ ማየት ይቻላልና። ደቡብ ኮሪያ ከ2002 ጀምሮ ግዥዋን በኤሌክትሮኒክስ አድርጋለች፣ ዩክሬን 2016 ላይ ፕሮዞሮ ሚባለውን ሲስተም ግዴታ አደረገች፣ ማንኛውም ሰው ገብቶ ማን ምን ያህል እንዳቀረበና ማን እንዳሸነፈ ማየት ይችላል። በጦርነቱ ጊዜ የመከላከያ ግዥ ከዛ ውጪ ተደረገ፣ 2023 ጥር ላይ ጋዜጠኞች ለወታደሮች ምግብ የተፈረመ ውል ሲያወጡ አንድ እንቁላል 17 ሂሪቭኒያ (የዩክሬን ገንዘብ ነው) ተብሎ ተገኘ፣ ሱቅ ውስጥ 7 አካባቢ በሚሸጥበት ጊዜ። ሚኒስቴሩ የቴክኒክ ስህተት ነው አለ፣ በቀናት ውስጥ ምክትል ሚኒስትሩ ለቀቀ። የአንድ እንቁላል ዋጋ ማንም ሰው ይገባዋል፣ ውሉ ተደብቆ ቢቀር ኖሮ ግን ማንም አይጠይቅም ነበር። ለኔ ከሁሉም በፊት ሚያስፈልገው ይሄ ነው፣ የገዛነው ነገር ሁሉ በስንት ከማን እንደተገዛ ህዝብ ያለበት ቦታ ላይ ይለጠፍ፣ የኔም ስም ይኑርበት። በስሜ ከተለጠፈ እኔም ስሜን ጠብቄ ነው ምሰራው፣ አለቃዬም "በቃ እንግዲህ" አይለኝም። ከዛ ጋ ደሞ የግዥ ሰራተኛ እንደ ባለሙያ ይከፈለው፣ ይሰልጥን፣ ገበያ ወጥቶ ዋጋ ሚያጠናበት ጊዜ ይሰጠው፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ልዩነቱን ያስመዘገበ ሰው በአበል እንዳይቀጣ በደንብ ይከለል። ይሄ ሁሉ አይቻልም ሚለኝ ሰው አለ፣ እኔ ግን በቆራጣ እርሳስ አንድ ሺ ካርቶን ሚቆጥር ሰው አይቻለሁ።

የወጣሁት ተባርሬ አይደለም፣ የግል ድርጅት ያው ግዥ ስራ ላይ እጥፍ ከፍሎ ወሰደኝ። ያሰለጠነኝ መንግስት ነው፣ ደንቡን ያወቅኩት እዛ ነው፣ ከኔ በፊትም ሶስት ጎበዝ ልጆች እንዲሁ ሄደዋል። ስወጣ ያስረከብኳት ልጅ ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቷ ነበር፣ ሶስት ሳምንት ነው አብራኝ የሰራችው፣ ዘጠኝ አመት በሶስት ሳምንት አይነገርም።

ባለፈው ማታ ደወለችልኝ። ድምጿ ዝቅ ብሏል፣ "እህቴ አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለችኝ። ፕሮፎርማ ነው። ሶስት ድርጅት፣ የቁጥሮቹ አቀማመጥ አንድ አይነት፣ አንዱ መስመር ላይ ድምሩ ተሳስቷል፣ ሶስቱም ላይ እዛው መስመር ላይ። የቅርብ አለቃዋ እቃው በአስቸኳይ ይፈለጋል ብሏታል። ኮፒ አድርጊ አልኳት፣ ቀኑን ጻፊበት፣ ገበያ ወጥተሽ ካልሆነም ደውለሽ ሌላ ሁለት ዋጋ አምጪ፣ ማስታወሻ ጻፊለት፣ በቃል አትንገሪው፣ ኮሚቴው ከተሰበሰበ ደሞ የልዩነት ሀሳብሽ ቃለ ጉባኤ ላይ መግባቱን ሳታይ እንዳትፈርሚ። ስትጽፍ የእስክሪብቶዋ ድምጽ ይሰማኛል። ከዛ ዝም አለችና "አንቺ ያኔ ጽፈሽ ነበር?" አለችኝ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ጊዜ አልጻፍኩም አልኳት። ሁለተኛው ላይ ጻፍኩ። አመት ሙሉ አበል እንዳላገኘሁም ነገርኳት፣ ሳታውቀው እንድትገባ አልፈለግኩም።

"እሺ" አለች፣ ለረጅም ጊዜ ምንም አላለችም፣ እኔም ዝም አልኩ። ኮሚቴው ሀሙስ 8 ሰአት ላይ ነው ሚሰበሰበው፣ እንደወጣሁ እደውልልሻለሁ ብላኛለች።